የነፋሱ ትንፋሽ

የሚያስለው ፀጉር አስተካካይ ደንበኛ አይበረክትለትም፤ ምላጭ ይዞ የሚያስለው ከሆነማ ጭራሽ። ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ሳሉ ሲመጣበት ምላጩን ከደንበኛው አንገት ላይ አንስቶ ወደ ጣሪያው ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። በሌላው እጁ ሰውየው እንዳይንቀሳቀስ ግንባሩን ይጫናል። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይስላል። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው በመስታወቱ ውስጥ ያንን ከፍ ብሎ የተያዘ ምላጭ እያየ ሳሉ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

«አይዞህ፣ እስካሁን የማንንም ጆሮ አልቆረጥኩም» ይላል ሲጨርስ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

«እስካሁን የምትለዋ ናት ያስፈራችኝ» አለው አንዱ፣ ግማሽ ፂሙን ተላጭቶ ለመነሳት እያመነታ።

ሰፈሩ ነፋሱ ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት ግን በመቀሱ አይደለም። ቅዳሜና እሁድ በየሰርጉ በሚጫወት ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ይነፋል። በሥራ ቀን ደግሞ ደንበኛ ሲጠፋ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በፎጣና በሻምፑ ጠርሙስ መሀል ቆሞ ይለማመዳል። የትሮምቦኑን ረጅም ቱቦ ወደፊት ሲገፋው ክፍሏ ስለማትበቃው በሩን ከፍቶ ነው የሚነፋው። ስለዚህ ፀጉሩን ሊቆረጥ የሚገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ከመጋረጃ ሥር ብቅ እያለ የሚመለስ የቢጫ ብረት ጫፍ ነው። ትሮምቦኑ የባለቤቴ ነበር።

ከሱቁ በላይ ያለው ቤት የእኛ ነው። እኔ፣ አማቴና ነፋሱ እንኖርበታለን። ነፋሱ አላገባም፤ ለምን ሲባል «በየሳምንቱ ሰርግ እያየሁ የራሴን ለምን እጨምራለሁ?» ነው መልሱ። እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባለቤቴ በመኪና አደጋ ከሞተ በኋላ ወደ ወላጆቼ ልመለስ ሻንጣ ሳዘጋጅ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አማቴ ሻንጣውን መልሰው አልጋ ሥር ከተቱትና «አንቺ ከሄድሽ ከማን ጋር ልጣላ ነው?» አሉኝ። ቀረሁ።

ሳሉ ሲጀምር ማንም ልብ አላለውም። እማማ ፀጉሩን ታጥቦ ሳይደርቅ ስለሚወጣ ነው አሉ። እሱ ፑድራው ነው አለ፤ ደንበኛ አንገት ላይ የሚነሰንሰው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሳል መሆኑን ይክዳል።

«እትዬ፣ ሳል አይደለም። ጉሮሮዬን እየጠረግኩ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ የሚጠረግ ምን ዓይነት ጉሮሮ ነው?»

«ሰፊ ጉሮሮ ነዋ፤ የነፊ ጉሮሮ!»

እኔን ያሳሰበኝ ሳሉ ሳይሆን ደረጃው ነበር። ነፋሱ ድሮ ከሱቁ ወደ ቤት ሲወጣ እያፏጨ ነበር። ኋላ ላይ ግን መሀል ላይ ሲደርስ መቆም ጀመረ። አንድ ቀን ግድግዳውን በጥፍሩ ፋቅ እያደረገ «ይሄ ቀለም ሊላጥ ነው እኮ» አለኝ። በማግስቱ የጫማ ክሩን አሰረ። በሌላ ቀን ደግሞ ስልክ የተደወለለት መሰለ፤ ስልኩን ግን ሱቅ ረስቶት ነበር። ተማሪ ስንትና ስንት ሰበብ ሲፈጥር አይቻለሁ፤ ይሄኛው ጥሩ ሰበብ ፈጣሪ አልነበረም። እጁን ይዤ ሐኪም ቤት ወሰድኩት።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ሸሚዙን አስወልቃ ጀርባውን ታች በኩል ስታዳምጥ ቆየች።

«በረጅሙ ይተንፍሱ። አሁንም። እዚህ ታች የሚንጫረር ነገር አለ። የጃኬት መለጠፊያ ቀስ ተብሎ ሲላቀቅ እንደሚሰማው ዓይነት።»

«ዜማ አለው?» አላት።

«የለውም። ሲጋራ ያጨሳሉ?»

«ወፍ የለም!»

«ድሮስ?»

«ወፍ የለም አልኩሽ እኮ ዶክተር።»

«አቧራ የበዛበት ሥራ? ድንጋይ መጥረብ፣ እንጨት መሰንጠቅ፣ የእህል መጋዘን?»

«ወፍ የለም።»

«እሱን ገና አልጠየቅኩም» አለች ከምትጽፈው ቀና ሳትል። «ወፍ አለ ወይ?»

«ምን?»

«ወፍ። እርግብ፣ ዶሮ፣ በሽቦ ቤት ውስጥ የምትቀመጥ ወፍ። ቤት ውስጥ ወይ ሱቅ ውስጥ ወፍ አለ?»

ነፋሱ ወደ እኔ ዞረ።

«ወፍ የለም» አልኩ በእሱ ፋንታ። «እውነተኛውን ማለቴ ነው።»

ያኔ ዶክተሯም ሳቀች። የሳንባውን ፎቶ ካየች በኋላ ግን አልሳቀችም። የሆነ ነገር ሳንባውን በየጊዜው እያስቆጣው መሆኑን፣ የተቆጣው ቦታ በጠባሳ እየተተካ መሆኑን አስረዳችን። ምን እንደሆነ ግን ፎቶው አይናገርም። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ከሚተነፍሰው አየር ጋር የሚገባ ነገር መሆን አለበት። «ፈልጉት» አለችን። «እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ቤታችሁን ላየው አልችልም።»

እኔ መድኃኒት ቤት ጎራ ብዬ ስመለስ ቤት ውስጥ ደስታ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተ የብስኩት ካርቶን አለ፤ እማማ ጥሩ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል።

«ሰምተሻል ልጄ? ጠባሳ ብቻ ነው እኮ!» አሉኝ። «እኔ ምን ምን አስቤ ነበር መሰለሽ!»

«እማማ፣ ጠባሳ ማለት—»

«ጠባሳ ማለት የዳነ ቁስል ነው።» ቀሚሳቸውን ገለጥ አድርገው ጉልበታቸውን አሳዩኝ። «ይኸውልሽ፣ በልጅነቴ ከአጥር ላይ ወድቄ ነው። አሁን ያመኛል? አያመኝም። ቁስሉ የት ሄደ? ዳነ! እንግዲህ የልጄም ሳንባ ቆስሎ ነበር፣ ሳናውቀው ድኗል።»

«እማዬ ዶክተሯን በለጠቻት» አለ ነፋሱ፣ ብስኩት አፉ ሞልቶ።

የሰው ደስታ ማበላሸት ሙያዬ ነው፤ ፈተና አርሜ የምመልስ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ግን ከበደኝ። ነፋሱ የለበሰው ሹራብ ክርኑ ላይ ተቀዶ እማማ በወፍራም ክር ሰፍተው የጠቀሙት ነበር። እጅጌውን ያዝኩና ጨርቁን ጎተትኩት።

«ይሄ ይለጠጣል አይደል?»

«አትቅደጂው!» አለ ነፋሱ።

«አሁን የተጠቀመውን ቦታ ልጎትት።» ጎተትኩት። አልተለጠጠም፤ ድርቅ ብሎ ቀረ። «ጉልበት ላይ ጠባሳ ቢኖር ግድ የለም፤ ጉልበት አየር አያስገባም። የሳንባ ሥራው ግን መለጠጥ ነው። የተጠቀመው ቦታ አይለጠጥም፤ አየሩም በእሱ በኩል ወደ ደም አያልፍም። ለዚህ ነው ደረጃው መሀል ላይ የግድግዳ ቀለም የምትመረምረው።»

«አውቀሽ ነበር?» አለኝ ነፋሱ።

እማማ ቀሚሳቸውን መልሰው አወረዱ። «የተጠቀመውስ አይተረተርም?»

«አይተረተርም እማማ። ተቆጥቶ ገና ጠባሳ ያልሆነ ቦታ አለ፤ እሱ ይመለሳል። ጠባሳ የሆነው ባለበት ይቀራል። ዋናው ነገር እንዳይጨመርበት ነው። የሚቀደውን ነገር ካላገኘነው ሹራቡ በሙሉ የተጠቀመ ብቻ ይሆናል። ያኔ ደረጃውን መውጣት ቀርቶ ቁጭ ብሎ መተንፈስም ሥራ ይሆንበታል።»

ብስኩቱ ግን አልቀረም፤ ተበላ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ፍለጋ ፖሊስም እንዲህ አድርጎ የሚፈትሽ አይመስለኝም። ፑድራው ተጣለ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው እርጥብ ግድግዳ ተፋቀ፤ ተቀባ። መጋረጃው ወረደ። የባንዱ መሪ ሻለቃ፣ ጦር ሠራዊት ገብቶ የማያውቅ ነገር ግን ከበሮ ሲመታ ደረቱን ስለሚነፋ ይህ ማዕረግ የተሰጠው ሰው፣ መጥቶ ሱቁን ጥግ በጥግ አሽትቶ «ጥፋተኛው ሻምፑ ነው» ሲል ፈረደ። ሻምፑው ተቀየረ። በመጨረሻ ዓይናችን የእማማ የላባ ትራስ ላይ አረፈ። ነፋሱ ሶፋው ላይ ጋደም ሲል የሚንተራሰው እሱን ነበር።

«ትራሴን?» እማማ አቀፉት። «ከተዳርኩ ጀምሮ አብሮኝ ያለ ትራስ?»

«ላባ ነው እማማ። ዶክተሯ ስለ ወፍ ጠይቃለች።»

«ወፉ ከሞተ እኮ ስንት ዘመኑ! የሞተ ወፍ ምን ያደርጋል?»

ትራሱ በላስቲክ ተጠቅልሎ በረንዳ ወጣ። እማማ በረንዳውን ሊጠርጉ ሲወጡ ትራሱን መታ መታ እያደረጉ ሲያናግሩት እሰማ ነበር።

ነፋሱ ግን አልተሻለውም። የታዘዘለት ኪኒን ይበልጥ እንዲበላና ይበልጥ እንዲያወራ ከማድረግ በቀር ብዙም አልረዳውም። በሰርግ ላይ ረጅሙን ዜማ መሀል ላይ መቁረጥ ጀመረ። ሻለቃ አንድ ቀን ለብቻዬ ጠርቶ «እትዬ፣ ሌላ ሰው ልፈልግ ወይስ ልጠብቅ?» አለኝ። ሻለቃ ያለ ቀልድ ሲናገር የሰማሁት የዚያን ጊዜ ብቻ ነው። «ጠብቅ» አልኩት። ምን ተማምኜ እንዳልኩት አላውቅም።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራው አጎት ሲጨፍር ሚዛኑን ስቶ ነፋሱ ላይ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም፤ የትሮምቦኑ ቱቦ ግን ጎበጠ። ነፋሱ የታመመ ልጅ እንደሚያስታምም ሰው መሣሪያውን አቅፎ ጠጋኝ ጋ ወሰደው። ጠጋኙ ሥራ ስለበዛበት ትሮምቦኑ እሱ ዘንድ ሰነበተ።

ነፋሱ ተሻለው። ሳሉ ቀነሰ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃው ላይ ቀደመኝ፤ አናቱ ላይ ቆሞ «ምነው እትዬ፣ ቀለሙን እያየሽ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። እኛም በአንድ ድምፅ በትራሱ ላይ ፈረድን። እማማ አለቀሱ ማለት ይቻላል። «ይሄን ሁሉ ዘመን ነፍሰ ገዳይ ተንተርሼ ነው?» እያሉ ከሚወዱት ትራስ ዓይናቸውን አሸሹ።

ጠጋኙ ደውሎ ሥራው ማለቁን ሲናገር ነፋሱ ሱቅ ውስጥ ሰው ነበረበት። እኔ ሄድኩ።

የጠጋኙ ቤት ከጣሪያው ላይ መሣሪያ የተንጠለጠለበት ዝቅተኛ ክፍል ነው፤ ጎንበስ ብለው ካልገቡ የአንዱ ጡሩንባ አፍ ግንባር ይመታል። የብየዳና የነሐስ መወልወያ ሽታ አለው። ጠጋኙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ትሮምቦኑን ሁለት ቦታ ፈታትቶ ጠበቀኝ።

«ቱቦውን አቅንቼዋለሁ» አለኝ። «ውስጡን ግን እንዳልነካ ተከልክያለሁ።»

«ማን ነው የከለከለዎት?»

«ባለቤቱ ነዋ! "ውሃ ብታሳልፍበት አልፋታህም" አለኝ። ሃያ ዓይነት ቆሻሻ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ይሄ መሣሪያ አይደለም፣ እርሻ ነው። ይዩትማ።»

ቱቦውን ወደ አምፖሉ አዙሮ ያዘልኝ። ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ። የሚያብረቀርቅ ክብ ብረት ነበር የጠበቅኩት። ያየሁት ጥቁር አረንጓዴ፣ ፀጉራም፣ እርጥብ ነገር ነው። ሽታውን ወዲያው አወቅኩት። በየዓመቱ ተማሪዎቼን እርጥብ ዳቦ ብልቃጥ ውስጥ አስከድኜ ሻጋታ እንዲያበቅሉ አደርጋለሁ። «ክዳኑን እንዳትከፍቱ። እንዳታሸቱት» እላቸዋለሁ። ሻጋታ ዘሩን በአየር እንደሚበትን፣ ያ ዘር በዓይን እንደማይታይ፣ ከትንፋሽ ጋር ጥልቅ ድረስ እንደሚገባ ሰሌዳ ላይ ስዬ አሳያለሁ።

ወደኋላ አንድ እርምጃ አልኩ። የሳይንሱ ሁሉ ትርፍ ይቺ አንድ እርምጃ ናት።

እዚያው ቆሜ ለዶክተሯ ደወልኩ። ነገርኳት። «ፈጽሞ እንዳይነፋው፣ እኔ እስካየው ድረስ» አለች። «ጭስ ጠየቅኩት፣ አቧራ ጠየቅኩት፣ ወፍ ጠየቅኩት። ሙዚቃ አልጠየቅኩትም። የሚነፋ ሰው መልሶ እንደሚስብ ዘነጋሁት።»

ሱቅ ስደርስ ነፋሱ ሻለቃን እየላጨ ነበር። ሻለቃ ፊቱ እስከ ዓይኑ ሥር አረፋ ተቀብቶ ተጋድሟል። ነፋሱ የትሮምቦኑን ሳጥን በእጄ ሲያይ ምላጩን አስቀምጦ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«መጣልኝ! አምጪው።»

«አልሰጥህም። ውስጡ ሻግቷል። ሳንባህን የሚያስቆጣው ይሄ ነው፤ ትራሱ አይደለም። ዛሬ ይታጠባል።»

ፈገግታው ጠፋ። «አይታጠብም።»

«ምን ማለት ነው አይታጠብም?»

«የታጠበ ነሐስ ድምፁ ይቀጥናል። ነፊ ሁሉ ያውቀዋል። ሻለቃ፣ ንገራት እንጂ!»

ከአረፋው ውስጥ ሁለት ዓይን ተገለጠ። «እውነቱን ልናገር?» አለ ሻለቃ። «ትራምፔቶቹ በየወሩ ያጥባሉ። ያ ወፍራሙ ቱባ ነፊ እንኳ ገላውን ሳይታጠብ ቱባውን ያጥባል። ያንተን ዝም ያልነው የሆነ ምክንያት ቢኖርህ ነው ብለን ነው።»

ነፋሱ ምላጩን አንስቶ በፎጣ ይወለውል ጀመር። ምላጩ ንጹሕ ነበር። ይወለውላል፣ ይገለብጠዋል፣ ይወለውላል።

«ምክንያትህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እንዴ፣ አንቺ ነሻ ያልሽኝ።»

«እኔ?»

«ስትሰጪኝ ምን አልሽኝ? "እንዳለ ውሰደው" አላልሽኝም?»

ብዬዋለሁ። ባለቤቴ በሞተ ሰሞን ነበር፤ ልብሱና ጫማው ገና አልተነሳም። የትሮምቦኑ ሳጥን በሩ አጠገብ እሱ ያስቀመጠበት ቦታ ነበር። በውስጡ ኖታው፣ የቱቦው ዘይት፣ መወልወያ ጨርቁ፣ ምናልባትም ለጉሮሮው የሚይዘው ከረሜላ አለ። ከፍቼ ይሄን ለዚህ፣ ያንን ለዚያ ብዬ መለየት አልቻልኩም። ስለዚህ ለነፋሱ «እንዳለ ውሰደው» አልኩት። ከነሳጥኑ፣ ከነኮተቱ፣ በሙሉ ማለቴ ነበር።

«እንዳለ አልሽ» አለ ነፋሱ። «እንዳለ ያዝኩት። ቀለሙን አልነካሁም፣ ውሃ አላስነካሁም። የእሱ ትንፋሽ ያለበት ነገር ነው፣ እንዲጠፋ አትፈልግም ብዬ ነዋ።»

«በሙሉ ውሰደው ማለቴ እኮ ነው!»

«በሙሉ አላልሽም፤ እንዳለ ነው ያልሽው።»

«እንዳለ ማለት በሙሉ ማለት አይደል?»

«እንዳለ ማለት እንደነበረ ማለት ነው!»

«ሁለቱንም ነው» አለ ሻለቃ ከወንበሩ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ ያሳለው አንድ ቃል ነው በሉኛ!»

«ሌላም ነገር አለ» አልኩ። ድምፄ እንዳሰብኩት ደህና ሆኖ ወጣ። «ወንድምህ ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥበው ነበር። ገንዳው ውስጥ፣ በለብታ ውሃ። እሱ ሲለየው ውስጡ እንደ መስታወት ነበር።»

ነፋሱ አፉን ከፍቶ አየኝ። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

ሁለታችንም መልሱን እናውቀዋለን። በዚያ ቤት ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፤ ስለ እሱ አናወራም ነበር።

«ቆይ ቆይ» አለ ነፋሱ ቀስ ብሎ፣ ጣቱን ወደ ሳጥኑ ቀስሮ። «እዚያ ውስጥ ያለው የእሱ ካልሆነ… እስካሁን በክብር ያስቀመጥኩት የራሴን ምራቅ ነው?»

ሻለቃ መጀመሪያ ሳቀ፤ አረፋው መስታወቱ ላይ ተረጨ። ከዚያ እኔ። መጨረሻ ላይ ነፋሱ፤ እስኪያስለው ሳቀ፤ በልማዱ ምላጩን ከፍ አድርጎ ይዞ ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

«የሰው ምራቅ አስቀምጥልኝ ብዬ ልለምንህ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የእናንተ ፍቅር እንደዚያ ይሆናል ብዬ ነዋ!»

ሳቁ ሲበርድለት ግን ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፣ ሻለቃ እንዳይሰማው ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ። «ከልብሽ ነው? ይታጠብ?»

«ይታጠብ» አልኩ።

ዶክተሯ የሚመረመር ነገር ከውስጡ ከወሰደች በኋላ አጠብነው። ነፋሱ አጠገቡ እንዳይደርስ ስለተከለከለ መንገድ ላይ ቆሞ በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት በኩል መመሪያ ይጮህ ነበር። «ቀስ! ቱቦውን አታጣሚው! ለብታ ውሃ፣ ትኩስ አይደለም!» አላፊ አግዳሚው ሕፃን የምናጥብ መስሎት እየቆመ ያዳምጣል። እኔ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ከጠጋኙ የተዋስኩትን ረጅም ብሩሽ በቱቦው አሳለፍኩ። እማማም አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው ጎናቸውን ይዘው ቆሙ። ውሃው መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆኖ ወጣ።

«ድሮም ታላቁ ነው መታጠብ የሚወደው» አሉ እማማ። «ይሄኛውን እግሩን ይዘን ነበር የምናጥበው።»

ውሃውን ደጋግመን ቀየርነው፤ በመጨረሻ ጠርቶ ወጣ። ስለዚያ ከሰዓት በኋላ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ዶክተሯ ለብዙ ሳምንታት እንዳይነፋ ከለከለችው። ያ ጊዜ ለሰፈሩ እረፍት፣ ለእኔና ለእማማ መከራ ነበር፤ የማይነፋ ነፊ ያፏጫል። ከዚያ ሁለተኛው ፎቶ ተነሳ። ዶክተሯ ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅላ አሳየችን። እንደ ጭጋግ የተበተነው ነጭ ነገር ተገፍፏል። ታች በኩል ያሉት መስመሮች ግን እንደ ሸረሪት ድር እንደተዘረጉ ናቸው።

«ይሄ አይለቅም» አለች መስመሮቹን በብዕሯ ጫፍ እየተከተለች። «ግን አልጨመረም። እንዳይጨምር ደግሞ በየጊዜው እየመጡ እናያለን። መሣሪያውን በሳምንት በሳምንት ያጥባሉ፤ ያደርቁታል። እንደ ድሮው ግን በአንድ ትንፋሽ ረጅም አይሄዱም።»

«እስከየት ነው የምሄደው?»

«ሞክረው ይንገሩኝ።»

ነፋሱ ሸሚዙን ለብሶ ቆለፈ። ከዚያ «ዶክተር፣ ላገባ ነው ብል ሰርጌ ላይ ራሴ ነፍቼ ራሴ ልጨፍር እችላለሁ?» አላት።

«ማንን ነው የሚያገቡት?»

«እስካሁን ወፍ የለም።»

ቤት ስንደርስ እማማ ውጤቱን ከሰሙ በኋላ የጠየቁት ስለ ትራሱ ብቻ ነበር። ትራሱ በነፃ ተለቀቀ፤ ዶክተሯ ለጥንቃቄ ነፋሱ እንዳይንተራሰው ስላለች እማማ ክፍል ብቻ እንዲቀመጥ ተፈረደ። እማማ በላስቲኩ ላይ እያባበሉ ይቅርታ ጠየቁት።

ነፋሱ ወደ ባንዱ የተመለሰበት ሰርግ ላይ እኔም ሄድኩ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሰርግ አልሄድኩም ነበር። አዳራሹ ጥግ፣ ምግብ የሚወጣበት በር አጠገብ ወንበር አገኘሁ፤ አስተናጋጆቹ በየሰከንዱ ክርናቸውን ይሰነዝሩብኛል። ሙሽሮቹ ሲገቡ ባንዱ ቀስ ያለውን ዜማ ጀመረ። ረጅም ድምፅ ያለበት ነው፤ ትሮምቦኑ ብቻውን እየወጣ እየወጣ የሚሄድበት ቦታ አለ። ባለቤቴ በአንድ ትንፋሽ ይወጣው ነበር።

ነፋሱ ጀመረ። ትንሽ ሄደ፤ ቆመ፤ አየር ሳበ። ሻለቃ በዚያች ክፍተት ከበሮውን ሁለት ጊዜ መታ። ነፋሱ ካቆመበት ቀጠለ፤ እንደገና ቆመ፤ ከበሮው እንደገና መለሰለት። ተነጋግረውበታል ማለት ነው። በሦስተኛው ክፍተት ላይ እንግዳው ከከበሮው ጋር አጨበጨበ። አንድ ትልቅ ሰው ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው «አዲስ ስልት ነው» አሉ። ሻለቃም ደረቱን ነፍቶ አዲስ ስልት መሆኑን በፊቱ አረጋገጠ።

ድምፁ የባለቤቴ አልነበረም። ለካ እኔ የእሱን ልሰማ ነበር የሄድኩት፤ እዚያ ቁጭ ብዬ ነው ይህን ያወቅኩት። የነፋሱ ድምፅ አጠር ያለ፣ ሳቅ ያለበት ነው፤ ደጋግሞ የሚነሳ። ጥሩ ድምፅ ነው።

ባንዱ ሲያርፍ ነፋሱ ላቡን እየጠረገ መጣ። ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ ይላል፤ ፊቱ ግን በርቷል። ከወንበሬ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ፣ ልጠይቅሽ?»

«ጠይቅ።»

«እዚያ መውጫው ላይ፣ ከመጨረሻው በፊት፣ እሱ አንድ ነገር ያደርግ ነበር። ትንሽ ጣል ያደርጋትና ያነሳታል። እኔ አልያዝኩትም። እንዴት ነበር?»

አዳራሹ ይጮሃል፤ በቃል የሚነገር ነገር አልነበረም። ስለዚህ አንጎራጎርኩለት። ድምፄ አያምርም፤ ድሮም ባለቤቴ ይህን ከመናገር ተቆጥቦ አያውቅም። ከማዶ ሻለቃ ሰምቶኝ ሁለት ጆሮውን በእጁ ደፈነ።

ነፋሱ «አንዴ ድገሚልኝ» አለ።

ደገምኩለት።